ለሚስቶቻችን ሴት ሐኪም እንጠይቃለን፣ ሴት ልጆቻችንን ግን አንልክም



መስጂድ ውስጥ ለሚያገለግል ሰው ከወጣት ባሎች በተደጋጋሚ የሚመጣ ጥያቄ አለ። «ኡስታዝ፣ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት። የሄድንበት ቦታ አልትራሳውንድ የሚያነሳው ወንድ ነው። ምን ላድርግ?» ሌላም ጥያቄ አለ፤ ቁጥሩ ያነሰ ነው፣ የሚመጣውም ከአባቶች ነው። «ልጄ ሕክምና ትማራለች። ውጭ ሀገር ሄዳ ለአንድ ወር በማህፀንና ጽንስ ክፍል የምትማርበት የልውውጥ ዕድል ደርሷታል። ሴት ልጅ ብቻዋን ትሄዳለች እንዴ?» የመጀመሪያው ጠያቂ መልስ ፈልጎ ይመጣል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ መልሱን ራሱ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ከእኛ የሚፈልገው ማኅተም ብቻ ነው።

ሁለቱን ጥያቄዎች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩዋቸው። አንዱ ሴት ሐኪም የት አለች ይላል። ሌላው ነገ ሴት ሐኪም የምትሆነውን ልጅ በር ላይ ቆሞ ይመልሳል። ሁለቱም ሰዎች አንድ ሶፍ ላይ ይሰግዳሉ፤ አንዳንዴም አንድ ቤት ውስጥ ነው የሚኖሩት። ሳይዘሩ ማጨድ የሚባለው ይሄ ነው።

ስለ መሣሪያው ትንሽ ልበል፤ የማናውቀው ነገር ላይ ፈትዋ መጠየቅም መስጠትም ስለሚከብድ። አልትራሳውንድ እንደ ራጅ ጨረር አይደለም፤ ድምፅ ነው። የሰው ጆሮ በሰከንድ እስከ 20 ሺህ ጊዜ የሚነዝር ድምፅ ይሰማል። የእርግዝና አልትራሳውንድ ግን በሰከንድ ከ2 እስከ 5 ሚሊዮን ጊዜ ገደማ የሚነዝር ድምፅ ነው። ድምፁ ወደ ሆድ ይገባል፣ ከአጥንትና ከሥጋ ላይ ነጥሮ ይመለሳል፣ ማሽኑም የተመለሰውን ወደ ምስል ይቀይረዋል። ሆድ ላይ የሚቀባው ቀዝቃዛ ጄል በመሣሪያውና በቆዳው መካከል አየር እንዳይኖር ነው፤ አየር ካለ ድምፁ አያልፍም። ይህን ነገር ለእናቶች ያመጣው የግላስጎው የማህፀን ሐኪም ኢያን ዶናልድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 አንድ የቦይለር ፋብሪካ ብረት ውስጥ ስንጥቅ የሚፈልግበት መሣሪያ እንዳለው ሰምቶ፣ ከታካሚዎች የወጡ ዕጢዎችን ይዞ ሄዶ ሞከረበት። ከኢንጂነር ቶም ብራውንና ከሐኪም ጆን ማክቪካር ጋር ሆኖ ውጤቱን በ1958 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጣ። የማይድን ካንሰር አለባት ተብላ የነበረች አንዲት ሴት በዚያ መሣሪያ ስትታይ ያለባት በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የሚችል የውሃ ከረጢት ሆኖ ተገኘ፤ ወጥቶላትም ዳነች።

እኛ ሽሮ ሜዳዎች ይሄ ነገር ብዙም ሊከብደን አይገባም። ሸማኔ ሸማውን ወደ ብርሃን ዘርግቶ የሳተ ክር ሲፈልግ እያየን ነው ያደግነው። ሸማኔው ዓይኑን ለማሠልጠን ስንት ዓመት እንደፈጀበትም እናውቃለን። አልትራሳውንድ ላይ ስንደርስ ግን ማሽን የገዛ ሁሉ ያነባል ብለን እናስባለን። ማሽኑ የሚያሳየው ነጭ፣ ግራጫና ጥቁር ጥላ ነው። ጥላውን የሚያነበው የሰለጠነ ዓይንና የሰለጠነ እጅ ነው። ጉዳያችንም ከማሽኑ ይልቅ ያ እጅ የማን ነው የሚለው ነው።

መሠረታዊ የሚባለው የእርግዝና ምርመራ ስድስት ነገር ያያል። ልጁ በየት በኩል ነው፣ በጭንቅላቱ ወይስ በመቀመጫው ወይስ አግድም? ልቡ ይመታል? ስንት ልጅ ነው? የእንግዴ ልጁ የት ተቀመጠ? የሽርት ውሃው በቂ ነው? የጭንቅላቱ፣ የሆዱና የጭኑ ልኬት ስንት ሳምንት ያሳያል? ከእነዚህ አንዱን ብቻ ውሰዱ፣ የእንግዴ ልጁን። የማህፀን በር ላይ ተኝቶ ከሆነና ሳይታወቅ ምጥ ከመጣ እናቲቱ ልጁ ሳይወጣ ደሟ ይፈሳል። ቀድሞ ከታወቀ ግን ደምና ቀዶ ሕክምና ያለበት ሆስፒታል ሄዳ በቀጠሮ ትወልዳለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሃያ ደቂቃ የማይሞላ ምርመራና የምታነብ አንዲት ባለሙያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር 24 ሳምንት ሳይሞላት ቢያንስ አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትነሳ የመከረው ለዚህ ነው። በሀገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በ2000 (እ.ኤ.አ.) ከ100 ሺህ በሕይወት ከሚወለዱ ልጆች አንጻር 871 እናቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። አልሐምዱሊላህ፣ ወርዷል። 412 እናት ግን 412 ጀናዛ ነው። በዚያው በ2016ቱ ጥናት ጤና ተቋም ውስጥ የሚወልዱት ከአራት እናቶች አንዷ ገደማ ብቻ ነበሩ።

አሁን ወደ ባሎቹ ጥያቄ። የእስላማዊ ትብብር ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1993 ብሩናይ ላይ ባደረገው ስምንተኛ ጉባኤ ይህንን ጉዳይ አይቶታል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ሙስሊም ሴት ባለሙያ ካለች እሷ ታክም። እሷ ከሌለች ታማኝ የሆነች ሙስሊም ያልሆነች ሴት። እሷም ከሌለች ሙስሊም ወንድ፣ እሱም ከሌለ ሙስሊም ያልሆነ ወንድ። ወንዱ ሲያክም የሚያየው ለሕክምናው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ሆኖ፣ ባል ወይም መሕረም ወይም የምትታመን ሴት ባለችበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳላስረግጥ አላልፍም። ሚስትህ እየደማች ከሆነ፣ ወይም ምጡ ጠንቶባት ከሆነ፣ ሴት ሐኪም ፍለጋ ከሽሮ ሜዳ ስድስት ኪሎ፣ ከስድስት ኪሎ ጳውሎስ እያልክ አታንከራትታት። ቅደም ተከተሉ የተቀመጠው ምርጫ ላለው ሰው ነው። ድሩራ ሲመጣ ነፍስ ይቀድማል።

የዚያው ጉባኤ ውሳኔ መጨረሻ ግን ብዙዎቻችን የማናነበው ክፍል አለው። የጤና ኃላፊዎች ሴቶች ወደ ሕክምና ትምህርት እንዲገቡ፣ በተለይም በማህፀንና ጽንስ ሕክምና ስፔሻላይዝ እንዲያደርጉ አቅማቸው የቻለውን ያህል እንዲያበረታቱ ያሳስባል። ምክንያቱንም ያስቀምጣል፤ በዚህ ዘርፍ ያሉ ሴቶች ጥቂት ስለሆኑ፣ ሁልጊዜ በልዩ ሁኔታ ወደሚፈቀደው እንዳንሮጥ። እኛ የውሳኔውን የመጀመሪያ ግማሽ ሚስታችንን ይዘን ስንሄድ እንጠቅሰዋለን። ሁለተኛውን ግማሽ ልጃችን ስትጠይቀን እንረሳዋለን።

ይሄ በሽታ አዲስ አይደለም። ኢማም አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) «ኢሕያእ ዑሉሚዲን» ኪታባቸው ውስጥ፣ የዒልም ምዕራፍ ላይ ሕክምናን ከፈርድ ኪፋያ ይቆጥሩታል፤ የተወሰኑ ሰዎች ካልሠሩት ወንጀሉ በሁሉም ላይ የሚሆን ግዴታ ማለት ነው። ከዚያም በዘመናቸው ይበሳጫሉ። ስንት ከተማ አለ ይላሉ፣ ሙስሊም ካልሆነ ሐኪም በቀር ሌላ ሐኪም የሌለበት፤ ሰዉ ግን ሁሉ ወደ ፊቅህ ክርክር ይጋፋል፣ ሕክምናን የሚነካው የለም። አል-ገዛሊ የሞቱት በ1111 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዘጠኝ መቶ ዓመት በላይ ሆነው። እኔ ራሴ የመድረሳ ልጅ ነኝ፤ ኪታብ መቅራትን ማሳነስ አይደለም ነገሩ። ነገር ግን ሰፈራችን ውስጥ ስንት ልጅ ኡስታዝ መሆን እንደሚፈልግ፣ ስንት ልጅስ ስለ እንግዴ ልጅ ማጥናት እንደሚፈልግ ቁጠሩ። (ጎረቤቶቻችን ክርስቲያን ሐኪሞች እናቶቻችንን ሲያዋልዱ ኖረዋል፣ አላህ ውለታቸውን ይመልስላቸው። ወቀሳው ወደ እነሱ አይደለም፣ ወደ እኛ ነው።)

ሌላም ምክንያት አለኝ፣ እሱም እንደ መስጂድ ሰው የሚታየኝ ነው። የማህፀን ጉዳይ የሚያልቀው ሆስፒታል አይደለም፤ ወደ እኛ ይመጣል። አንዲት ሴት በሁለት ወሯ ያስወርዳታል። ደሙ ኒፋስ ነው ወይስ ኢስቲሓዳ? ትሰግዳለች ወይስ ትተዋለች? በሐነፊና በሐንበሊ መዝሀብ መልሱ የሰው ቅርጽ መታየት ጀምሯል ወይ በሚለው ላይ ይቆማል። በሻፊዒ ኪታቦች ደግሞ «ቀዋቢል»፣ ማለትም አዋላጅ ሴቶች፣ የወጣው ነገር የሰው መነሻ ነው ብለው መመስከራቸው ይጠየቃል። አስተውሉ። ዑለማዎቻችን ወንድ በማያየው ጉዳይ የሴቶችን ምስክርነት ብቻውን ተቀብለዋል፤ የተለያዩት በቁጥሩ ነው፣ ሻፊዒዮች አራት፣ ማሊኪዮች ሁለት፣ ሐነፊና ሐንበሊዮች አንዲትም ትበቃለች ብለው። ፊቅሃችን ራሱ የምታውቅ ሴት ትኖራለች ብሎ ነው የተጻፈው።

የውርስን ጉዳይ ተመልከቱ። ሰው ሚስቱ እርጉዝ ሆና ይሞታል። ሐነፊዮች ለጽንሱ የአንድ ልጅ ድርሻ፣ ሐንበሊዮች የሁለት ልጅ ድርሻ ይቆይ ይላሉ፤ ሻፊዒዮች ለጽንሱ ቁጥር ወሰን ስለማያስቀምጡ ሌላው ወራሽ እርግጠኛውን ብቻ ይወስዳል። ይህ ሁሉ ሆድ ውስጥ ስንት እንዳለ ስለማይታወቅ የመጣ ጥንቃቄ ነው። ጽንሱ የሚወርሰው በሕይወት ሲወለድ መሆኑ አይቀየርም፤ ነገር ግን መንታ ነው ወይስ አንድ የሚለውን ዛሬ የምታነብ ሴት አለች።

ከሁሉም የሚከብደው የ120 ቀኑ ጉዳይ ነው። በኢብኑ መስዑድ ሐዲስ መሠረት ሩሕ የሚነፋበት ጊዜ ነው። የመካው የራቢጣ የፊቅህ አካዳሚ በ1990 (እ.ኤ.አ.) እንደወሰነው፣ ታማኝ የሆኑ ስፔሻሊስት ሐኪሞች በምርመራ አረጋግጠው ጽንሱ ሊድን የማይችል ከባድ የአካል ጉዳት ካለበት፣ 120 ቀን ሳይሞላ በወላጆች ጥያቄ ማስወረድ ይፈቀዳል። ከሞላ በኋላ ግን የእናቲቱ ሕይወት አደጋ ላይ ካልወደቀ በስተቀር አይፈቀድም። አሁን ስሌቱን እዩት። ሐኪሞች የእርግዝና ዕድሜ የሚቆጥሩት ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ጽንሱ ግን የሚፈጠረው ከዚያ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነው። ስለዚህ ከጽንሰት 120 ቀን ማለት በሐኪም ወረቀት ላይ 19 ሳምንት ከአንድ ቀን ማለት ነው። ወረቀቱን ይዞ የመጣ አባት «18 ሳምንት» ካለ አንድ መልስ ነው፣ «20 ሳምንት» ካለ ሌላ መልስ ነው። ልኬቱ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲሠራ ስህተቱ አንድ ሳምንት ገደማ ነው፤ በመጨረሻዎቹ ወራት ግን ወደ ሦስት ሳምንት ይደርሳል። ዘግይታ የተነሳች ሴት ቀኑ አይታወቅላትም ማለት ነው። እንደ ጭንቅላት አጥንት አለመፈጠር ያሉ የነርቭ ዘንግ ችግሮች ደግሞ በሀገራችን ብዙ ናቸው። ኢማሙ ይህንን ስሌት ካላወቀ፣ ሐኪሟም ሸሪዓው የሚቆጥረው ከየት እንደሆነ ካላወቀች፣ መካከል ላይ የምትቆመው እናት ናት። ሁለቱንም ቋንቋ የምትናገር አንዲት እህት ብትኖረን ስንት ቤት ታድናለች!

በነገራችን ላይ «በማህፀን ያለውን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው፣ ታዲያ አልትራሳውንድ እንዴት?» ለሚሉ ወጣቶች፦ አላህ ሳይፈጠርም በፊት፣ ሲሳዩንም፣ አጀሉንም፣ መጨረሻውንም ያውቃል። ማሽኑ የተፈጠረውን አካል ጥላ ያያል፣ እሱንም እየተሳሳተ። በዚህ ላይ ዑለማዎች መልሰው ጨርሰዋል፤ አንቆይበት።

ታዲያ ውጭ ሀገር መሄድ ለምን አስፈለገ? እዚሁ አይማሩም ወይ? ይማራሉ፣ ብዙውንም የሚማሩት እዚሁ ነው። እዚሁ ክፍለ ከተማችን ጉለሌ ውስጥ ያለው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2012 (እ.ኤ.አ.) የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊቲ ሥልጠናውን ሲጀምር ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ነው፤ ይህን ትስስር ከመሩት ዋነኛዋ ኢትዮጵያዊቷ ሐኪም ፕሮፌሰር ሰናይት ፍስሃ ናቸው። የተመረጠው መንገድ ሐኪሙን አውጥቶ ውጭ ማስቀረት ሳይሆን እዚሁ ማሠልጠን፣ መምህራኑ ግን እንዲመላለሱ ማድረግ ነበር። ሚሺጋን ይህን መንገድ ቀደም ብሎ ከ1989 ጀምሮ ጋና ላይ ሞክሮታል፤ እዚያ የሠለጠኑት የማህፀን ሐኪሞች ከሞላ ጎደል ሁሉም ሀገራቸው ቀርተው ይሠራሉ። ከዚያ በፊት ለሥልጠና ወደ ውጭ ይላኩ የነበሩት ግን ብዙዎቹ አልተመለሱም። ስለዚህ «ውጭ የሄደ አይመለስም» የሚለው ስጋት መሠረት አለው፤ መልሱ ግን አለመላክ ሳይሆን ለአጭር ጊዜ፣ መመለሻው ታውቆ መላክ ነው።

የተማሪዎች ልውውጥም የዚህ ዓይነት ነው። በ1951 የተመሠረተ የሕክምና ተማሪዎች ማኅበራት ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አለ፤ የኢትዮጵያ የሕክምና ተማሪዎች ማኅበርም አባል ነው። ልውውጡ አብዛኛውን ጊዜ አራት ሳምንት ነው። ተቀባዩ ሀገር ማደሪያና ቢያንስ በቀን አንድ ምግብ ይችላል፤ ቲኬት፣ ቪዛና ኢንሹራንስ በተማሪዋ ነው። ተማሪዋ የምትፈልጋቸውን ክፍሎች ታቀርባለች፤ ማህፀንና ጽንስ ብትልም እዚያ ለመመደቧ ግን ዋስትና የለም።

በአራት ሳምንት የአልትራሳውንድ ባለሙያ አትሆንም። ይሆናል የሚል ካለ ዋሽቷችኋል። ፈቃድ የሌላት ተማሪ ስለሆነች ብዙውን ጊዜ አጠገብ ቆማ ታያለች፣ በአሻንጉሊት ሆድ ላይ ትለማመዳለች፣ ከተፈቀደላት በመምህሯ እጅ ሥር ትይዛለች። እዚህ ግን አንድ ማሽን፣ ከበሩ እስከ ግቢው የተሰለፉ እናቶች፣ ከማሽኑ ጀርባ ደግሞ እርስ በርስ የሚጋፉ ተማሪዎች ናቸው ያሉት። ሐኪሙ ቢፈልግም ቆም ብሎ «ይህን እዩ» ለማለት ጊዜ የለውም። እዚያ የምታገኘው ዝግታውን ነው። ከ18 እስከ 22 ሳምንት ባለው ጊዜ የሚደረገው ሙሉ የአካል ምርመራ፣ ከአንጎል ጀምሮ የልብን አራት ክፍል፣ ኩላሊትን፣ አከርካሪን እየቆጠሩ እስከ እግር ጣት የሚወርደው፣ ሙሉ ሆኖ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ታያለች። ሙሉውን አንዴ ያየች፣ ቤቷ ስትመለስ የጎደለው ምን እንደሆነ ታውቃለች። የልውውጡ ጥቅም በኔ ግምት ይሄው ነው፤ ሌላው ፎቶና ሰርተፊኬት ነው።

አሁን ወደ መሕረም እንምጣ፤ የሚፈራው እሱ ስለሆነ።

ሐዲሱ ሰሒሕ ነው፣ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል፤ በአላህና በመጨረሻው ቀን የምታምን ሴት ያለ መሕረም እንዳትጓዝ ይከለክላል። በዘገባዎቹ አንዴ የአንድ ቀን፣ አንዴ የሁለት፣ አንዴ የሦስት ቀን መንገድ ተብሏል። ሐነፊዮችና ሐንበሊዮች ለግዴታ ሐጅ ጭምር መሕረምን ሸርጥ አድርገዋል። ማሊኪዮችና ሻፊዒዮች ለግዴታ ሐጅ ታማኝ ከሆኑ ሰዎች ጋር ፈቅደዋል። ከሐጅ ውጭ ላለ ጉዞ አብዛኞቹ ዑለማዎች መሕረም ይኑር ይላሉ፤ ሸይኽ ኢብኑ ባዝን የመሰሉ የቅርብ ዘመን ዓሊሞች አውሮፕላንም ቢሆን ብለዋል። የግብፅ ዳሩል ኢፍታእና ሌሎች ደግሞ የክልከላው ምክንያት የመንገዱ አደጋ ስለሆነ፣ መንገዱና ማረፊያው አስተማማኝ ከሆነ ይፈቀዳል ብለዋል፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዐዲይ ኢብኑ ሓቲም አንዲት ሴት ከሒራ ተነስታ ከአላህ በቀር ማንንም ሳትፈራ ከዕባን ጠዋፍ የምታደርግበት ቀን እንደሚመጣ የነገሩትን ይጠቅሳሉ። ኺላፉ ያለ ኺላፍ ነው። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፣ በዚህ ገጽም አልፈርድም፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ።

እኔን የሚቆረቁረኝ ሌላ ነገር ነው። ቦሌ ኤርፖርት ሄዳችሁ አንድ ሌሊት ቁሙ። ከወሎ፣ ከአርሲ፣ ከጅማ የመጡ፣ ጥቁር ዐባያ የለበሱ የሙስሊም ልጆች፣ የ20 ዓመት እንኳ የማይመስሉ፣ በቡድን ተሰልፈው ወደ ሪያድ፣ ወደ ቤይሩት፣ ወደ ዱባይ ይሄዳሉ፤ የማያውቁት ሰው ቤት ለሁለት ዓመት ሊያድሩ። መሕረማቸው የት አለ? የትኛው አባት ነው ለዚህ መስጂድ መጥቶ «ይቻላል ወይ» ያለው? በ2013 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሳዑዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ስትመልስ ከመካከላቸው ምን ሆነው እንደመጡ ለመናገር የሚከብድ እህቶች ነበሩ። ያኔም «ያለ መሕረም ለምን ተላኩ» የሚል ኹጥባ ብዙ አልሰማንም። ለቤት ሠራተኝነት ስትሄድ ዝም ያልነው ሰዎች፣ ለአራት ሳምንት ሆስፒታል ልትማር ስትሄድ ሐዲሱ ትዝ ይለናል። ሐዲሱ ለሁለቱም አንድ ነው። ልዩነቱ አንደኛዋ ብር ትልካለች፣ ሁለተኛዋ ብር ታስወጣለች። ይህ መራራ ነው፤ ግን ሐዲሱን ከልባችን የምናከብር ከሆነ ከድሃዋ ልጅ እንጀምር።

መሕረም ይኑር የሚለውን አቋም የሚይዝ ቤተሰብም ቢሆን በሩ አልተዘጋበትም። ሸይኽ ኢብኑ ዑሰይሚንን የመሰሉ ዓሊሞች ጉዞን ከመኖር ለይተውታል፤ መሕረሙ ለጉዞው ነው፣ አስተማማኝ ቦታ ከደረሰች በኋላ እዚያ መቆየቷ ሌላ ጉዳይ ነው። ይሄ ማለት ወንድሟ ወይም አባቷ አድርሷት፣ የሴቶች ማደሪያዋን አይቶ፣ ቁልፍ ስትቀበል አይቶ ይመለሳል፤ ወሩ ሲያልቅ ሄዶ ያመጣታል። ካይሮ ከአዲስ አበባ አራት ሰዓት ገደማ በረራ ነው። ካይሮን ያነሳሁት በምክንያት ነው። አል-አዝሀር ዩኒቨርሲቲ ለሴቶች ብቻ የሆነ የሕክምና ፋኩልቲ አለው፣ የራሱም የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው፣ አዝ-ዘህራእ ይባላል። ሴት ለሴት የምታስተምርበትን ቦታ ከእኛው ታሪክ ውስጥ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ሩፈይዳ አል-አስለሚያን (ረ.ዐ) ያስታውስ፤ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ ድንኳን ተተክሎላት ቁስለኞችን ታክም ነበር። መስጂድ ውስጥ! ዛሬ አንዳንድ መስጂዳችን ውስጥ ለሴቶች የሚሆን ውዱእ ማድረጊያ ማግኘት ይቸግራል።

የሁለተኛው ቲኬት ጉዳይ የገንዘብ ጉዳይ ነው፣ የገንዘብ ጉዳይ ደግሞ የጀመዓ ጉዳይ ነው። ፈርድ ኪፋያ ብለን ካመንን ሸክሙ የአንድ አባት አይደለም። ሰፈራችን ለምንጣፍ ይዋጣል፣ ለድምፅ ማጉያ ይዋጣል፤ ማሻአላህ። ለአንዲት የጀመዓችን ልጅና ለወንድሟ የደርሶ መልስ ቲኬት ተዋጥቶ ያውቃል? ዘካ ይሁን አይሁን የሚለው ላይ ክርክር ውስጥ አልገባም፤ ሰደቃ ይበቃል። ቅድመ ሁኔታም ማስቀመጥ ይቻላል፦ ስትመለስ በወር አንድ ቀን ለሰፈሩ ነፍሰ ጡሮች መቼ ምርመራ እንደሚያስፈልጋቸው ታስተምር፤ ስትመረቅም እዚሁ ታገልግል።

ለእናንተ ለተማሪ እህቶች ደግሞ ሁለት ቃል። ከተማችን ውስጥ አልትራሳውንድ ወንድ ነው ሴት ነው ለማለትና የሕፃን ፊት ፎቶ ለማተም የሚሸጥበት ቦታ እየበዛ ነው። ጾታ መጠየቅ ሐራም አይደለም፣ ግን ለዚያ አልተላካችሁም። የልብ አራት ክፍል ሳታይ ፎቶ አትማ የምትሸጥ ባለሙያ ሂጃብ ብትለብስም የእናቲቱን አማና በልታለች። ሌላው፣ የታካሚን ምስል ስሟ ባይኖርበትም ቴሌግራም ላይ አትለጥፉ። ስትር አደራ ነው። ደግሞም በየጤና ጣቢያው ያሉ አዋላጅ ነርሶችን አትናቁ። በተወሰኑ ጤና ጣቢያዎች አጭር ሥልጠና ወስደው መሠረታዊውን ምርመራ የሚሠሩት እነሱ ናቸው፤ የገጠሯን እናት ከእናንተ በፊት የሚያገኟትም እነሱ ናቸው። ከውጭ ይዛችሁ የምትመጡትን መጀመሪያ ለእነሱ አካፍሉ።

ማመልከት የምትፈልጉ፣ የኮሌጃችሁን የተማሪዎች ማኅበር የልውውጥ ኃላፊ ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ የተማሪነት ማረጋገጫ፣ የቋንቋ ማስረጃ፣ የክትባት ወረቀትና ለምን መሄድ እንደምትፈልጉ የሚገልጽ ደብዳቤ ይጠየቃል፣ ፓስፖርትም ጊዜ ይወስዳል። ማደሪያው የሴቶች ብቻ መሆኑን በጽሑፍ አስረጋግጡ፤ አባታችሁ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። ሁለት ሆናችሁ ብትሄዱ ደግሞ ለሁሉም ይቀላል። የጀመዓችን አባል ሆና ዘንድሮ ቦታ ያገኘች እህት ካለች አባቷ ወይም ወንድሟ ለመስጂዱ ኮሚቴ ያሳውቁ፤ የሁለተኛውን ቲኬት ነገር ከጁሙዓ በኋላ እናነሳዋለን፣ ኢንሻአላህ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።